ሁለት ፓስፖርት ያለበት ጎጆ

መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያው በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የተነሣው ከልደታ ሜዳ ነበር። ዛሬ «አሮጌው ኤርፖርት» የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚያው ማረፊያ ነው። ቦሌ ተሠርቶ የጄት አውሮፕላን መቀበል እስኪጀምር ድረስ፣ ማለትም እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ፣ በአየር ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ እንግዳ መጀመሪያ የሚረግጠው መሬት የልደታ ነበር። አሜሪካዊው አብራሪ፣ ካናዳዊው አስተማሪ፣ ስዊድናዊው ሐኪም እዚያ ወርደዋል። በውጭ አገር ተምሮ ሲመለስ የውጭ አገር ሚስት ይዞ የመጣው ኢትዮጵያዊም ከነሻንጣው የወረደው እዚያው ነው።

ልደታ ዛሬ የሚታወቀው በሌላ ነገር ነው። አዲስ አበቤ «ነገ ልደታ ቀጠሮ አለብኝ» ካለ ፍርድ ቤት ማለቱ እንደሆነ ሰሚው ሳይጠይቅ ይገባዋል። በ1988 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 25፣ ከተከራካሪዎቹ አንዱ የውጭ አገር ዜጋ የሆነበትን ጉዳይ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሥልጣን አደረገው። የሁለት አገር ሕጎች የሚገናኙበትን ክርክር ደግሞ በመጀመሪያ ደረጃ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሰጠ። ይህ ፍርድ ቤት ያለው ልደታ ነው። ባልና ሚስት በአውሮፕላን ወርደው ኑሮ የጀመሩበት ሰፈር፣ ኑሮው ሲፈርስ ንብረትና ልጅ የሚከፋፈሉበት ሰፈር ሆነ።

ስለ እንዲህ ያለ ትዳር ሲወራ ወሬው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ምግብና ስለ ቋንቋ ነው። በርበሬውን እንዴት ቻለችው? ከአማቱ ጋር በምን ይግባባል? ሽማግሌ የላከው ማንን ነው? እነዚህ ቀላል ናቸው ማለት አይደለም፤ ግን ሰው ይለምዳቸዋል። የውጭ አገር ሙሽራ ዘመድ ባይኖረው የሥራ ባልደረቦቹን ነጠላ አልብሶ ሽማግሌ ይልካል፤ ተክሊል ከተፈለገ ተጠምቆ የክርስትና ስም ይወጣለታል፤ ሚስቲቱም በዓመት በሁለት ዓመት የቡና ሥርዓቱን ታውቀዋለች። ዓመታት ቢያልፉም የማይለመደው የወረቀቱ ጉዳይ ነው። ማን የማን ዜጋ ነው? የቤቱ ካርታ በማን ስም ይውጣ? ልጁ በየትኛው ፓስፖርት ይጓዝ? ከሁለቱ አንዱ ቢሞት ቀሪው ምን ይይዛል? የዚህች አገር ታሪክ እንደሚያሳየው፣ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሲሰጥ የኖረው በአብዛኛው መንግሥት ነው። መንግሥት በተለወጠ ቁጥርም መልሱ ተለውጧል።

በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ጥያቄው ጨርሶ አይነሣም ነበር። ንጉሡ ከአውሮፓ የመጣ የእጅ ባለሙያ አገር ውስጥ እንዲቀር ይፈልጉ ነበር፤ ለመቅረት ደግሞ ከጋብቻ የበለጠ ማሰሪያ አልነበረም። እንግሊዛዊው ጆን ቤል ኢትዮጵያዊት አግብቶ ሊቀ መኳስ እስከመሆን ደረሰ፤ በመጨረሻም ንጉሡን ሲከላከል ሞተ። ልጁ ሱዛን በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የሰፈረውን ስዊሳዊ ሚስዮናዊ ቴዎፊሎስ ቫልድማየርን አገባች። ጀርመናዊው ሠዓሊ ኤድዋርድ ዛንደርም ኢትዮጵያዊት አግብቶ ነበር፤ ልጁ ወለተ ኢየሱስ በጋፋት መድፍ ያቀልጥ ለነበረው ለሞሪትዝ ሃል ተዳረች። በጋፋት የተመሠረተው መንደር አባቱ ከባሕር ማዶ፣ እናቱ ከበጌምድር የሆነ ሕፃን የሚሮጥበት ሰፈር ሆነ።

ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ ግን እነዚህ ቤተሰቦች ከእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር ወደ ባሕር ወረዱ። አብረው የወጡት ሚስቶች ብዙዎቹ ከተወለዱበት አገር ውጭ ምንም የማያውቁ ነበሩ፤ ተመልሰው የዘመዶቻቸውን ፊት ያዩ ጥቂቶች ናቸው። ሱዛን ከባሏ ጋር ሊባኖስ ገባች፤ ቫልድማየር በብሩማና ትምህርት ቤት፣ በቤይሩት አጠገብም በአስፉሪየህ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ። በመቅደላ ጦርነት ወቅት የተወለደችው የሃልና የወለተ ኢየሱስ ልጅ ማግዳሌና በጃፋ ከሩሲያ መኳንንት አንዱን አገባች፤ በዓለም የታወቀው ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ የልጅ ልጇ ነው። የጋፋት ሚስቶችን ለመውጣትም ለመቅረትም ማንም ወረቀት አልጠየቃቸውም። ፈቃዳቸውን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም፤ የሚሟገትላቸውም እንዲሁ።

ወረቀት የመጣው በዐፄ ምኒልክ የመጨረሻ ዓመታት ነው። ጥር 1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመውና በፈረንሳዩ መልእክተኛ በክሎቡኮቭስኪ ስም የሚጠራው ውል፣ ፈረንሳውያንና ፈረንሳይ የምትጠብቃቸው ሰዎች እርስ በርስ ሲካሰሱ በቆንስላቸው እንዲዳኙ አደረገ። ሌሎች አገሮችም በዚሁ ውል ተጠቀሙ። ከኢትዮጵያዊ ጋር የሚነሣ ክርክር የኢትዮጵያ ዳኛ ቆንስሉ ባለበት የሚያየው ሆነ፤ በኋላም ለዚህ ልዩ ፍርድ ቤት ቆመ። የአዲስ አበባ ግሪክ ነጋዴ ወይም አርመን አንጥረኛ ከኢትዮጵያዊት ሚስቱ ጋር ሲጣላ ጉዳዩ የቤተ ዘመድ ሽማግሌ ነገር ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ የሁለት መንግሥታት ነገር ሆነ።

ከዚያ በኋላ ሐምሌ 1922 ዓ.ም. የዜግነት ሕግ ወጣ። ይህ ሕግ አጭር ነው፤ በጋብቻ ላይ ያለው ፍርድ ግን ለሁለት ትውልድ የዘለቀ ነው። ኢትዮጵያዊ ወንድ በሕግ ያገባት የውጭ አገር ሴት ወዲያው ኢትዮጵያዊት ትሆናለች። ኢትዮጵያዊት ሴት የውጭ አገር ሰው አግብታ የባሏ አገር ዜግነት ከሰጣት ግን ኢትዮጵያዊነቷን ታጣለች። በዚያ ዘመን የብዙ አገሮች ሕግ እንዲሁ ነበር፤ የኢትዮጵያ ብቻ ጥፋት አይደለም። ሆኖም መሬት የዜጋ መብት በሆነበት አገር ዜግነት ማጣት ከአባት የወረሱትን ርስት አደጋ ላይ መጣል ነው። ወንዱ የውጭ አገር ሚስቱን ይዞ ሲመጣ ቤቱ ሙሉ ነበር፤ እህቱ የውጭ አገር ሰው ስታገባ ከአባቷ አገር እንግዳ ትሆናለች። ሕጉ በቤተሰብ ላይ ያመጣው መከፋፈል ይኸው ነበር፤ ይህን ለማረም ደግሞ 65 ዓመት ፈጀ። ነሐሴ 1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 33፣ ወንድም ሆነ ሴት ኢትዮጵያዊ ከውጭ አገር ዜጋ ጋር በመጋባቱ ዜግነቱን እንደማያጣ ደነገገ።

የ1922ቱ ሕግ በወጣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ጋብቻ ከእስያ ጭምር ታሰበ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ሲሄዱ ከተከተሏቸው አንዱ ልጅ አርአያ አበበ ነበር። ልጅ አርአያ ጃፓናዊት ለማግባት ፈለገ፤ ከጃፓን መኳንንት ቤት ማሳኮ ኩሮዳ ተመረጠች፤ ነገሩ የጃፓንን ጋዜጦች ሞላ። በ1926 ዓ.ም. ግን ጋብቻው ቀረ። ጃፓንና ኢትዮጵያ እንዲቀራረቡ ያልፈለገችው ኢጣሊያ ጫና አድርጋ ነበር። በዚያው ዘመን ሐኪሙ መላኩ በያን በአሜሪካ ዶሮቲ ሃድሊን አግብቶ ነበር፤ የእርሱ ትዳር ጸና፤ ሁለቱም ለኢትዮጵያ ነጻነት ሲደክሙ ኖሩ።

ጨለማው ዘመን ከዚህ በኋላ መጣ። ኢጣሊያ ሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ ኢጣሊያዊ ከቅኝ ተገዢ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት ይጠብቀው ነበር። በ1932 ዓ.ም. በወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ አባት ክልስ ልጁን «ልጄ ነው» ብሎ እንዳይመዘግብ ተከለከለ። አብሮ መኖሩ በሕግ አልቆመም፤ ተደበቀ እንጂ። ከሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በኋላ በአዲስ አበባ የቀሩት ኢጣሊያውያን ጋራዥ ከፈቱ፣ እንጨት ሥራ ጀመሩ፣ ምግብ ቤት አቆሙ፤ ብዙዎቹም ከኢትዮጵያውያት ጋር ቤት መሠረቱ። የአባታቸው አገር ሕግ ያልመዘገባቸው ልጆች በእናታቸው አገር ትምህርት ቤት ገቡ። በ1934 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈረመው ስምምነት የውጭ አገር ሰዎች ጉዳይ የውጭ ዳኞች ወደሚቀመጡበት ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሄደ፤ የቆንስል ዳኝነት ግን በዚያው አከተመ።

የዛሬው ችግር ግማሹ የተወለደው በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ሲሆኑ፣ የተለያዩ አገሮች ሕጎች በአንድ ጉዳይ ላይ ሲገናኙ የትኛው ይሠራል ለሚለው ጥያቄ አንድ ክፍል አዘጋጅተው ነበር። ያ ክፍል ከጸደቀው ሕግ ውስጥ ሳይገባ ቀረ። ስለዚህ ባንኮክ የተፈረመ የጋብቻ ውል፣ ለንደን የተወሰነ ፍቺ ወይም ሮም የተጻፈ ኑዛዜ ልደታ ሲቀርብ፣ ዳኛው የሚመረምረው የተሟላ ጽሑፍ የለም። የአሜሪካዊው ፕሮፌሰር ሮበርት ሴድለር የ1950ዎቹ መጽሐፍ እስካሁን የሚጠቀሰው ለዚህ ነው።

ሌላኛው ግማሽ አንቀጽ 390 ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ካልተፈቀደለት በቀር የውጭ አገር ሰው በኢትዮጵያ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሊኖረው አይችልም ይል ነበር። ተገኝቶበት ከሆነም በስድስት ወር ውስጥ ለኢትዮጵያዊ እንዲያስተላልፍ ይታዘዝ ነበር። ይህ ክልከላ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። ታይላንድ በ1954 በአውሮፓ አቆጣጠር ባወጣችው የመሬት ሕግ የውጭ አገር ሰው መሬት እንዳይይዝ ከለከለች። ታይ ሚስት ያገባ አውሮፓዊ ዛሬ መሬቱን በሚስቱ ስም ሲገዛ፣ ገንዘቡ የእርሷ የግል እንደሆነና እርሱ ምንም መብት እንደማይጠይቅበት መሬት ጽሕፈት ቤት ቀርቦ ይፈርማል። ለጋብቻ ቪዛ 400 ሺህ ባት በባንክ ወይም በቂ ወርሃዊ ገቢ ማሳየት፣ በየ90 ቀኑም አድራሻውን ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ አለበት። የአዲስ አበባው የውጭ አገር ባል የሚያውቀው ጭንቀት ባንኮክም አለ፤ ልዩነቱ እዚያ ሕጉ መልሱን በጽሑፍ አስቀምጦ ባልየው እያወቀ መፈረሙ ነው።

በደርግ ዘመን ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ ያ አዋጅ ዜጋና እንግዳ አልለየም። የልደታና የአካባቢው ቤት በቀበሌና በኪራይ ቤቶች እጅ ሲገባ፣ የቤት ባለቤትነት ጥያቄ ለጊዜው ከብዙዎች ራስ ላይ ወረደ። በምትኩ ሌላ መጣ። ከሶቪየት ኅብረት፣ ከምሥራቅ ጀርመንና ከሌሎች የሶሻሊስት አገሮች ተምረው የተመለሱ ኢትዮጵያውያን ሚስት ይዘው መጡ። ልደታ ውስጥ ለነበሩት ሩሲያውያን ሚስቶች የሩሲያ ሐኪሞች የሚሠሩበት ደጃዝማች ባልቻ ሆስፒታል ቋንቋቸውን የሚሰሙበት ቦታ ነበር። አገር ለቆ ለመውጣት መውጫ ቪዛ ያስፈልግ በነበረበት ጊዜ እናቷን ለመጠየቅ ኪየቭ ወይም ሌኒንግራድ መሄድ የፈለገች ሚስት የምታልፈው የቢሮ ብዛት ለትዳሯ ፈተና ነበር።

ከሁሉም የከፋው ግን በአንድ ሌሊት የውጭ አገር ሰው የሆነ የትዳር ጓደኛ ጉዳይ ነው። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ በአዲስ አበባ የሚኖሩ ኤርትራውያንና የኤርትራ ተወላጆች ኑሯቸውን ቀጠሉ፤ ሱቃቸውን ከፈቱ፣ ጎረቤታቸውን አገቡ፣ ልጅ ወለዱ። ማንም በቤቱ ውስጥ «የውጭ ዜጋ» አለ ብሎ አላሰበም። ግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሣ በኤርትራ የነጻነት ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ መስጠት ዜግነት እንደመቀየር ተቆጠረ። ከኢትዮጵያ እንዲወጡ የተደረጉት ወደ 75 ሺህ ይገመታሉ። ከመካከላቸው የትዳር ጓደኛውንና ልጆቹን ትቶ አውቶቡስ የተሳፈረ ብዙ ነው። አንዱ ልጅ ከአባቱ ጋር አሥመራ፣ ሌላው ከእናቱ ጋር አዲስ አበባ ያደገበት ቤተሰብ አለ። ስልክ ተቆርጦ ነበርና ወሬ የሚሰማው በሦስተኛ አገር ባለ ዘመድ በኩል ነበር፤ አዲስ አበባ ያለችው ለኬንያ ወይም ለአሜሪካ ትደውላለች፣ ከዚያ ወደ አሥመራ ይደወላል።

ጥር 1996 ዓ.ም. በወጣ መመሪያ ኢትዮጵያ ውስጥ የቀሩት የኤርትራ ተወላጆች ዜግነታቸውን መልሰው እንዲያገኙ መንገድ ተከፈተ፤ ለተለያየው ቤተሰብ ግን ድንበሩ ዝግ ነበር። ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሃያ ዓመት በኋላ አሥመራ ሲያርፍ ልጆቻቸውን ያላወቁ አባቶች፣ ባሎቻቸውን ሸብተው ያገኙ ሚስቶች ታዩ። ከጋፋት ጀምሮ ባለው የዚህ ዓይነት ትዳር ታሪክ ውስጥ ከዚህ የባሰ በደል አልተፈጸመም፤ ምክንያቱም እነዚህ ሰዎች ሲጋቡ ማንም የውጭ አገር ሰው አልነበረም።

የዛሬው ሕግ ከቀድሞው ይሻላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 የባልንና የሚስትን ሚዛን አስተካከለ፤ ኢትዮጵያዊ ወይም ኢትዮጵያዊት ያገባ ሰው ጋብቻው ሁለት ዓመት ከሞላው፣ ከማመልከቱ በፊትም አንድ ዓመት ኢትዮጵያ ውስጥ ከኖረ ዜግነት ሊጠይቅ ይችላል። ግን የቀድሞ ዜግነቱን መልቀቅ አለበት። ጡረታው፣ የታመመች እናቱ፣ የሕክምና መድኑ ባገሩ ያለ ሰው ይህን ደፍሮ አያደርገውም። ስለዚህ ብዙዎች በመኖሪያ ፈቃድ ይኖራሉ፤ ያድሳሉ፤ ይጠብቃሉ፤ ለመቀጠርም ዜጋ የማይጠየቀውን የሥራ ፈቃድ ይጠየቃሉ።

ጋብቻውን ማስመዝገብ ራሱ ሥራ ነው። ኢትዮጵያዊው ከወረዳው ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ያወጣል። የውጭ አገሩ ሰው ተመሳሳዩን ካገሩ ያስመጣል፤ ያ ወረቀት ባገሩ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ በኢትዮጵያ ኤምባሲ፣ በመጨረሻም አዲስ አበባ ባለው ውጭ ጉዳይ ማኅተም ተመትቶበት፣ ተተርጉሞ ይቀርባል። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት ለክብር መዝገብ ሹሙ ከአንድ ወር በፊት ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ ከተጋቢዎቹ፣ ከወላጆቻቸው ወይም ከቅርብ ዘመዶቻቸው አንዱም በቦታው ስድስት ወር የኖረ መሆን አለበት። ከዚያ ቀኑ አለ። የልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ «1985» የሚል ተጽፎ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልተጠቀሰ፣ ኤምባሲው ሰባት ስምንት ዓመት የሳተ ዕድሜ ያነባል። አንድ አኃዝ ለማረም ፋይሉ እንደገና ከሥር ይጀምራል።

ስምም አለ። ኢትዮጵያዊት ሚስት የባሏን ስም አትወስድም፤ ልጅ የአባቱን የመጀመሪያ ስም ይዞ ይጠራል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የቤተሰብ ስም እንዲኖር ደንግጎ ነበር፤ ሕዝቡ አልተቀበለውም። እናትና ልጅ ብቻቸውን ሲጓዙ ፓስፖርታቸው ላይ አንድም የሚገናኝ ስም ስለማይኖር፣ የባዕድ አገር የድንበር መኮንን «ልጁ የማን ነው?» ይላል። ጠንቃቃ እናት የልደት ምስክር ወረቀቱን ከነትርጉሙና ከአባቱ ፈቃድ ጋር በእጅ ቦርሳዋ ይዛ ትጓዛለች።

ከሁሉ በላይ ግን ቤቱ ነው። የልደታ አሮጌ ሰፈሮች በ2000ዎቹ መጀመሪያ ፈርሰው ኮንዶሚኒየም ሲቆምባቸው፣ የውጭ አገር የትዳር ጓደኛ ያላቸውም ደረሳቸው። ካርታው በኢትዮጵያዊው ስም ብቻ ወጣ፤ ክፍያው ግን ብዙ ጊዜ ከሁለቱም ኪስ ነበር። የቤተሰብ ሕጉ በአንዱ ስም ቢመዘገብም በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት የጋራ ነው ብሎ ይገምታል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ደግሞ የውጭ አገር ሰው ቤት ሊይዝ አይችልም ይል ነበር። ሁለቱ ሕጎች የሚገናኙት ፍቺ ወይም ሞት ሲመጣ ነበር፤ የሚገናኙትም ልደታ ላይ ነበር። ሞት ሲሆን ሌላ ነገር ይጨመራል፤ በኢትዮጵያ ሕግ ኑዛዜ ከሌለ ባል ወይም ሚስት ወራሽ አይደሉም። ከጋራ ንብረቱ ግማሹን ይካፈላሉ እንጂ የሟች ድርሻ ለልጆች፣ ልጅ ከሌለ ለወላጆች፣ ወላጅ ከሞተ ለወንድም እህት ይሄዳል። ሃያ ዓመት የኖረችበትን ቤት ከባሏ ወንድሞች ጋር የምትከፋፈል የውጭ አገር ሚስት ይህን የምትሰማው ብዙ ጊዜ ሰልስቱ ካለፈ በኋላ ነው። ዕድሩ ድንኳኑን ተክሎ፣ ንፍሮውን ቀቅሎ፣ አልቅሶላት ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የጠበቃ ሥራ ነው።

በ2017 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት የውጭ አገር ዜጎች የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዲሆኑ የሚፈቅድ አዋጅ አጽድቋል። መነሻው ግን 150 ሺህ ዶላር ነው። ባለሀብቱን ይጠቅማል፤ በአስተማሪ ደመወዝ የሚኖረውንና ኢትዮጵያዊት ያገባውን ሰው አይነካውም። የትዳር ጓደኛ የሆነ ሰው ከሪል እስቴት ገዢ ተለይቶ መታየት ነበረበት።

ጎጆ ሲመሠረት ሁለቱም ኑዛዜ ይጻፉ፤ ቤቱ ሲገዛ ማን ስንት እንዳወጣ የሚያሳይ የባንክ ወረቀት ይቀመጥ፤ የጋብቻ ውል ካለ ውልና ማስረጃ ቀርቦ ይጽደቅ። ይህ የባልና ሚስቱ ድርሻ ነው። የሕግ አውጪው ድርሻ ደግሞ ሬኔ ዳቪድ ያዘጋጁት፣ ከሕጉ የቀረው ክፍል ነው። የሁለት አገር ሕጎች ሲገናኙ የትኛው እንደሚሠራ የሚወስን አዋጅ ይውጣ፤ ለልደታ ዳኞችም፣ እዚያ ደጅ ለሚጠኑ ቤተሰቦችም መልስ የሚሆነው እርሱ ነው።